ከመርፌው በፊት፤ በኩላሊት እጥበት ሕክምና የቆዳ ማጽዳት ታሪክ

ቆዳ ለሰው ልጅ አካል እንደ ቅጥር ነው። ቅጥሩ ሳይደፈር እስካለ ድረስ በላዩ ላይ የሚኖሩት እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ጉዳት አያደርሱም። ቅጥሩ ሲበሳ ግን፣ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያህል እንኳ ቢሆን፣ ትናንት ምንም ያላደረጉት ተሕዋስያን ዛሬ ወደ ደም ገብተው ሰውን ለመግደል ይበቃሉ። ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመበት ሕመምተኛ በሕይወት የሚኖረው ደግሞ ይህንኑ ቅጥር ዘወትር በማስበሳት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም በሁለት መርፌ የሚታከም አንድ ሕመምተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ300 ጊዜ በላይ ቆዳው ይወጋል። በዚያ ላይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሰውነቱ ጀርምን የመከላከል ኀይሉ የተቀነሰ ነው፤ ቆዳውም ብዙውን ጊዜ ደረቅና የሚያሳክክ በመሆኑ በጥፍር ይጫጫራል። ስለሆነም ደሙን የሚያጠራለት በር የሞቱም በር ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ በር እንዴት እንደ ተከፈተ፣ የሕክምና ሠራተኞችም እንዴት ሲጠብቁት እንደ ኖሩ በአጭሩ ማስታወስ ነው። ታሪኩን ስንመረምር አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል። ይኸውም መድኃኒቶቹ በየዘመኑ ሲለዋወጡ፣ የውጤቱ ቁልፍ ግን የታጠበ እጅ፣ ሳሙናና ውሃ፣ እንዲሁም መድኃኒቱ ሥራውን እስኪሠራ የሚጠብቅ ትዕግሥት ሆኖ መኖሩ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

የጀርም መታወቅ

ቆዳን ከመውጋት በፊት ማጽዳት ዛሬ ለማንኛውም ጀማሪ ነርስ ግልጽ የሆነ ነገር ነው። ነገር ግን የዚህ ዕውቀት ዕድሜ ከሁለት መቶ ዓመት ያነሰ ነው። በ1847 በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ይሠሩ የነበሩት ሀንጋሪያዊው ዶክተር ኢግናዝ ዜመልቫይስ፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን ከሚመረመርበት ክፍል ወጥተው ወላዶችን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ክሎሪን ባለበት ውሃ እንዲታጠቡ አዘዙ። በዚያ ዓመት በአፕሪል ወር በክፍሉ ከነበሩት ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር፤ በጁን ወር ግን ቁጥሩ ወደ 2 ዝቅ አለ። ይህን የመሰለ ማስረጃ ቢቀርብም ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው እጃቸው የሞት ምክንያት መሆኑን ለመቀበል አልፈቀዱም፤ ዶክተር ዜመልቫይስም ሐሳባቸው ተገቢውን ክብር ሳያገኝ በ1865 ዐረፉ።

በዚያው በ1865 በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ፣ ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር በተሰበረና በቆሰለ እግር ላይ በካርቦሊክ አሲድ የተነከረ ጨርቅ በማድረግ ቁስል ሳያመረቅዝ እንዲድን ማድረግ ጀመሩ፤ የሥራቸውንም ውጤት በ1867 አሳተሙ። ከዚያ በኋላ የአበርዲኑ ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ከእባጭ የወጣ መግል በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ እንደ ወይን ዘለላ ተሰባስበው የሚታዩ ክብ ተሕዋስያን አገኙ። በ1882ም የወይን ዘለላ ከሚለው የግሪክ ቃል በመነሣት ስታፊሎኮከስ ብለው ሰየሟቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ሮዘንባኽ ከእነዚሁ መካከል ወርቃማ ቀለም ያለውን ዝርያ ለይተው አውሬየስ አሉት። በኩላሊት እጥበት ሕመምተኞች ደም ውስጥ እየገባ ብዙዎችን ለሞት የሚያደርሰው ዋነኛው ጀርም እስከ ዛሬ ድረስ ይኸው ወርቃማው ስታፊሎኮከስ ነው።

ለሙያችን መሠረታዊ ከሆኑት ግኝቶች ሌላው በ1938 የወጣው የአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም የፊሊፕ ፕራይስ ጥናት ነው። እርሳቸው የቆዳን ተሕዋስያን በሁለት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ከውጭ መጥተው በላዩ የሚያርፉ እንግዶች ናቸው፤ እነዚህ በሳሙናና በውሃ በቀላሉ ይወገዳሉ። ሁለተኛዎቹ በቆዳው እጥፋትና በጠጉር ሥር ውስጥ የሚኖሩ ነባር ነዋሪዎች ናቸው፤ እነዚህ ቁጥራቸው ይቀንሳል እንጂ ፈጽመው አይጠፉም። ከዚህም የምንረዳው የትኛውም መድኃኒት ቆዳን ከጀርም ፈጽሞ ነጻ ሊያደርግ እንደማይችል ነው። የሚቻለው ቁጥራቸውን እጅግ ዝቅ ማድረግና መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ድረስ መልሰው እንዳይበዙ መግታት ነው።

የደም ሥር ያለቀባቸው ሕመምተኞች

የኩላሊት እጥበት የተጀመረው የቆዳ ማጽዳት ዕውቀት ከተስፋፋ በኋላ ነው። በ1924 በጀርመን አገር በጊሰን ከተማ ዶክተር ጌኦርግ ሃስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን ደም ከሰውነቱ ውጭ አጣርተው መለሱ። በ1943 ደግሞ ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ ዶክተር ቪለም ኮልፍ በካምፐን ከተማ በምትገኝ አነስተኛ ሆስፒታል ውስጥ ቋሊማ ከሚጠቀለልበት የሴሎፋን ቱቦ የሚሽከረከር ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠሩ።

ዶክተር ኮልፍ በመጀመሪያ ካከሟቸው አንዷ የ29 ዓመት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ማሽኑ ደሟን ባጠራ ቁጥር እየተሻላት 12 ጊዜ ታከመች። ነገር ግን በየጊዜው ቆዳዋ እየተቀደደ የደም ሥሯ ይከፈትና ከሕክምናው በኋላ ያ የደም ሥር ለሌላ ጊዜ የማይጠቅም ሆኖ ይቀር ነበር። በመጨረሻ የሚከፈት የደም ሥር ታጣ፤ እርሷም ሞተች። ማሽኑ እየሠራ ሕመምተኛዋ የሞተችው ወደ ደሟ የሚገባበት በር ስላለቀ ነው። ዶክተር ኮልፍ በሕክምናው ምክንያት ከሞት የተረፈ ሰው ለማየት የበቁት በ1945 ሲሆን፣ የዳነችውም ኩላሊቷ ለጊዜው ብቻ ሥራውን ያቆመባት የ67 ዓመት ሴት ነበረች። በዚህ ምክንያት እስከ 1960 ድረስ እጥበት የሚሰጠው ኩላሊታቸው ተመልሶ ይሠራል ተብሎ ተስፋ ለሚደረግላቸው ብቻ ነበር። የሌሎቹ ዕጣ ሞት ነበር።

የማይዘጋው ቀዳዳ

ይህን ያስቀየሩት በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የነበሩት ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ናቸው። በእጥበት ጥቂት ቀን ያገገመ አንድ ሕመምተኛ፣ ኩላሊቱ ከእንግዲህ እንደማይመለስ በመታወቁ ብቻ ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲሞት መሰናበቱ እጅግ አሳዘናቸው። የደም ሥሩን በየጊዜው ከመክፈት ይልቅ አንድ ጊዜ ከፍቶ በዚያው ማቆየት እንደሚቻል አሰቡ። ከመሣሪያ ሠሪው ከዌይን ክዊንተን ጋር በመሆንም ከቴፍሎን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አዘጋጁ። አንዱ በክንድ ደም ቅዳ፣ ሁለተኛው በደም መልስ ውስጥ ገብቶ፣ ሕክምና በማይኖርበት ጊዜ ሁለቱ ከቆዳው በላይ እንዲገናኙና ደሙ ያለማቋረጥ እንዲዘዋወር ተደረገ። ይህም ሸንት ተባለ። በማርች 9 ቀን 1960 ሸንቱ የተደረገለት የ39 ዓመቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ክላይድ ሺልድስ ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖረ። በ1962 መጀመሪያም በዚያው ከተማ ሕመምተኞች ከቤታቸው እየመጡ የሚታጠቡበት ማዕከል ተከፈተ።

ነገር ግን ይህ ታላቅ ፈጠራ አዲስ ችግር ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ሐኪም ቆዳን ቀዶ ሥራውን ሲጨርስ ይሰፋዋል፤ ቆዳውም ይገጥማል። በሸንት ግን ቱቦው ከቆዳው ዘልቆ ወጥቶ ለብዙ ወራት ስለሚቆይ ቀዳዳው መዝጋት አይችልም። በቱቦውና በቆዳው መካከል ያለችው ቀጭን ክፍተት ጀርሞች ቀንና ሌሊት የሚመላለሱባት መንገድ ሆነች። ብዙ ሸንቶች ደም እየረጋባቸው ወይም ዙሪያቸው እያመረቀዘ ተነቀሉ። በመሆኑም ቆዳን የማጽዳት ሥራ በቀዶ ጥገና ቀን ብቻ የሚደረግ መሆኑ ቀርቶ የየዕለት ግዴታ ሆነ። ሕመምተኛውም ፋሻውን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ቀዳዳውን እንዴት እንደሚያጸዳና መቅላትን፣ ማበጥንና መግልን እንዴት እንደሚለይ መማር ነበረበት። በዚህ ረገድ በእጥበት ሕክምና ታሪክ ውስጥ ሕመምተኛው የራሱ አስታማሚ የሆነው ከሸንት ጊዜ ጀምሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቆዳ ተመልሶ የሚገጥምበት ዘዴ

ለዚህ ችግር ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ የተገኘው ከአዲስ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሳይሆን ከቀዶ ጥገና ነው። በኒውዮርክ፣ በብሮንክስ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ዶክተር ጄምስ ቺሚኖ፣ ዶክተር ማይክል ብሬሽያና ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኬኔት አፔል አንድ ዘዴ አቀረቡ። ይኸውም በእጅ አንጓ አጠገብ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር ከቆዳ ሥር በቀጥታ ማገናኘት ነው። ደም መልሱ የደም ቅዳውን ግፊት ሲቀበል ይሰፋል፤ ግድግዳውም ይወፍራል፤ በመርፌ ተደጋግሞ ለመወጋትም ይመቻል። በ1966 ያሳተሙት ይህ ዘዴ ፊስቱላ ይባላል።

ፊስቱላ ከውጭ የገባ ባዕድ ነገር የለውም። መርፌው ሲወጣ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ቅጥሩ ተመልሶ ይቆማል። ስለዚህም ከማንኛውም ዓይነት የደም በር ይልቅ በጀርም የመጠቃቱ ዕድል አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መርፌ ቆዳን በሚያልፍበት ቅጽበት ያልጸዳውን ሁሉ ይዞ ሊገባ ስለሚችል፣ አደጋው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ፖላንዳዊው ዶክተር ዝቢግኒየቭ ትቫርዶቭስኪ በ1970ዎቹ ያስፋፉት ዘዴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በእርሳቸው ዘዴ መርፌው ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ አቅጣጫ ስለሚገባ፣ ከጊዜ በኋላ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያለ መንገድ ይፈጠራል፤ ሕመሙም ይቀንሳል። ነገር ግን በቀዳዳው አፍ ላይ የሚደርቀው ቅርፊት የጀርም መጠለያ በመሆኑ፣ ይህ ዘዴ በተለመደባቸው ቦታዎች የማመርቀዝና የደም መመረዝ ችግር ከፍ ብሎ መታየቱን ኋላ የወጡ ጥናቶች አመልክተዋል። ቅርፊቱን ሳያነሡ መድኃኒት መቀባት በተዘጋ በር ላይ ውሃ እንደ መርጨት ነው። በመሆኑም መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ቅርፊቱን በሚገባ ማንሣት፣ ከዚያም እንደገና ማጽዳት ሕግ ሆነ።

ፊስቱላ ለሌላቸው ወይም ፊስቱላቸው ገና ላልደረሰ ሕመምተኞች ካቴተር ያስፈልጋል። በለንደን ዶክተር ስታንሊ ሻልደን በ1961 በጭን የደም ሥር ውስጥ ካቴተር ማስገባትን አስተዋወቁ፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከቆዳ ሥር ተጉዞ በደረት ላይ የሚወጣ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ካቴተር ተስፋፋ። ካቴተር ሕይወት አዳኝ ቢሆንም የሸንትን ችግር እንደገና የመለሰ መሣሪያ ነው። ቀዳዳው አይዘጋም፤ ጫፉም በትልቁ የደም ሥር ውስጥ ያርፋል። ከደም በሮች ሁሉ በደም መመረዝ አደጋ የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘው እርሱ ነው።

የመድኃኒቶቹ ፉክክር

ከእነዚህ በሮች አጠገብ የቆሙት መድኃኒቶች ሦስት ናቸው። አልኮልን ለእጅ ማጽጃነት ጀርመናዊው ፓውል ፉርብሪንገር በ1888 አስተዋወቁ። አልኮል ጀርምን በፍጥነት ይገድላል፤ ሆኖም ተንኖ ያልቃልና ኀይሉ አይዘልቅም። ሥራውን ለመሥራት ውሃ ስለሚያስፈልገው ንጹሑ አልኮል ሳይሆን 70 በመቶው ተመራጭ ነው።

ሁለተኛው አዮዲን ነው። በ1811 ፈረንሳዊው ኩርትዋ ያገኙት ይህ ንጥረ ነገር ለቁስል ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ1908 በፊውሜ ከተማ ቀዶ ሐኪሙ አንቶኒዮ ግሮሲክ ከቀዶ ጥገና በፊት ቆዳን በአዮዲን መቀባትን አስተማሩ። ኀይለኛ ቢሆንም ቆዳን ያቃጥል ስለነበር፣ በ1955 በፊላደልፊያ ሼላንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አዮዲንን ፖቪዶን ከሚባል ነገር ጋር በማያያዝ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ አደረጉት። በእጥበት ክፍሎች ለብዙ ዓመታት የነገሠው ቡናማው ፈሳሽ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ክሎርሄክሲዲን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የተሠራና በ1954 ለአገልግሎት የዋለ ነው። በአገራችን ሳቭሎን በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ ከሴትሪማይድ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ፣ የቁስል ክፍል ባልደረቦች ስሙን ባያውቁ እንኳ ሲሠሩበት ኖረዋል። ትልቁ ጠባዩ በቆዳ ላይ ተጣብቆ እስከ 48 ሰዓት ድረስ መሥራቱን መቀጠሉ ነው።

በ1991 በአሜሪካ ዶክተር ዴኒስ ማኪና ባልደረቦቻቸው በ668 ካቴተሮች ላይ ሦስቱን አወዳደሩ። ከ100 ካቴተሮች ደም የመረዙት በክሎርሄክሲዲን 0.5፣ በአልኮል 2.3፣ በፖቪዶን አዮዲን 2.6 ሆነው ተገኙ። ይህ ጥናት የተደረገው በጽኑ ሕሙማን ክፍል እንጂ በኩላሊት እጥበት ክፍል እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። ቢሆንም ከዚህና ከመሰል ጥናቶች በመነሣት ክሎርሄክሲዲንና አልኮል የተቀላቀሉበት ፈሳሽ በካቴተር ቀዳዳ ዙሪያ የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ። ክሎርሄክሲዲንም ቢሆን እንከን የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 እንዳስጠነቀቀው፣ አልፎ አልፎ ብርቱ የአለርጂ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። አልኮልም አንዳንድ የካቴተር ፕላስቲኮችን ስለሚጎዳ የአምራቹን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ጠርሙሱ ብቻውን አይበቃም

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። በ1981 በአሜሪካ የወጣ ዘገባ፣ ከፋብሪካ በወጣ ፖቪዶን አዮዲን ውስጥ ሲዩዶሞናስ ሴፓሲያ የተባለ ጀርም በሕይወት መገኘቱን ገለጸ። በዚያ ፈሳሽ ተጠርጎ ከተወጋ ቆዳ የተወሰደው የደም ናሙና ሕመምተኛው ሳይመረዝ የተመረዘ አስመስሎት ነበር። ጀርምን ይገድላል የተባለው ፈሳሽ ራሱ ጀርም ተሸካሚ ሊሆን ከቻለ፣ በተጀመረ ጠርሙስ ላይ አዲስ መጨመርና ክዳን ከፍቶ ማሳደር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በ1986 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ወርቃማው ስታፊሎኮከስ በራሱ በሕመምተኛው አፍንጫ ውስጥ እንደሚኖርና በሽታ የሚያመጣውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ጀርም መሆኑን አሳየ። ከአፍንጫ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ከመርፌ ጋር ወደ ደም ይሄዳል። በ1988 የወጡ ጥናቶችም የግል ንጽሕናቸው የጎደለ ሕመምተኞች ይበልጥ እንደሚጠቁ አመለከቱ። ይህ ግኝት ሕመምተኛውን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ወደ ማሽኑ ከመቀመጡ በፊት ክንዱን በሳሙናና በውሃ የሚታጠብበት ቧንቧ በክፍሉ ውስጥ እንዲኖር ለመጠየቅ ሊጠቅመን ይገባል። ፕራይስ በ1938 እንግዳ ያሏቸው ጀርሞች የሚወገዱት በዚያ ቧንቧ ነውና።

ሌላው ጊዜ ነው። አልኮል መርፌው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ለአንድ ደቂቃ ያህል መታሸት ይገባዋል። ክሎርሄክሲዲንና አልኮል የተቀላቀሉበት ፈሳሽ 30 ሴኮንድ ታሽቶ መድረቅ አለበት። ፖቪዶን አዮዲን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ሳይነካ ካልቆየና ካልደረቀ ኀይሉን አያሳይም። ብዙዎቻችን እንደምናውቀው ግን ወረፋው ሲረዝም አዮዲኑ በተቀባበት ቅጽበት በደረቅ ጥጥ ይጠረጋል፤ ወይም ከጸዳ በኋላ የደም ሥሩ የት እንዳለ ለማረጋገጥ ቦታው በጣት እንደገና ይዳሰሳል። እንዲህ ከተደረገ የትኛውም መድኃኒት ከሌላው አይበልጥም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የተቆጠበችው ሁለት ደቂቃ የብዙ ሳምንት መኝታ ታስከፍላለች።

ይህ አባባል በሥራ የተፈተነ ነው። በአሜሪካ 17 የእጥበት ማዕከሎች በአንድነት ተባብረው የሠራተኞችን እጅ መታጠብ ተከታተሉ፤ የካቴተር ቀዳዳን በክሎርሄክሲዲን አጸዱ፤ የካቴተሩን አፍ በየጊዜው ጠረጉ፤ ሠራተኞችንና ሕመምተኞችን አስተማሩ፤ የመመረዙን ቁጥርም እየመዘገቡ ለሠራተኞች አሳወቁ። በ2013 እንደ ተዘገበው፣ ከደም በር የሚነሣው የደም መመረዝ በ54 በመቶ ቀነሰ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ አንድ ጠርሙስ ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም ሥራ በአንድነት፣ በየቀኑና ሳይጓደል መሠራቱ ነበር።

ለእኛ የሚተርፈው

በአገራችን በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ ሕሙማን ሕይወት ጋር የተያያዘው አሁንም ማሽኑ ነው። ቤተ ዘመድና ጎረቤት አዋጥቶ የሚያስታጥበው ሕመምተኛ በአንድ መርፌ ምክንያት ቢመረዝ፣ የሚጠፋው ነፍሱ ብቻ ሳትሆን የብዙ ሰው ድካም ጭምር ነው።

ደግነቱ ከዚህ ታሪክ የምናገኛቸው ዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። እጅን መታጠብ፤ የሕመምተኛውን ክንድ ማሳጠብ፤ የደም ሥሩን ከማጽዳት በፊት መዳሰስ፤ በእጅ ያለውን መድኃኒት ጠባይ ማወቅ፤ ከዚያም ሰዓት እያዩ መጠበቅ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ብሂል ከዚህ የበለጠ የሚስማማው ሥራ አይገኝም።

ከቪየናው ዶክተር እስከ ሲያትሉ ሸንት ያለው ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው በታላላቅ ሰዎች ስም ነው። ክላይድ ሺልድስ 11 ዓመት የኖረው ግን ስሙ ባልተጻፈ ባልደረባ እጅ፣ በየዕለቱ በተቀየረ ፋሻና በጸዳ ቆዳ ጭምር ነው። በዓመት ከ300 ጊዜ በላይ የሚወጋው ሕመምተኛ ከ300 ጊዜ በላይ ክንዱን ዘርግቶ ራሱን ለእኛ አደራ ይሰጣል። ያን አደራ የምንጠብቀው መርፌው ከመግባቱ በፊት ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ ነው።